የአንድ ቀን እንግዳና የስምንት ዓመት ግዞተኛ

የሐሩር ክልል ደሴት ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባና የጠራ ሰማያዊ ውኃ ነው። በሜልበርን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ሥዕል ለብዙ ዘመን በጉዞ ወኪሎች መስኮት ላይ ተለጥፎ ስናየው ኖረናል። ዛሬ ግን ልጆች ለወላጆቻቸው የጋብቻ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን የመርከብ ሽርሽር ትኬት ሲገዙ፣ የቤቱ ዕዳ የቀለለለት ቤተሰብም የክረምቱን ብርድ ሽሽት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲቀዝፍ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ወደቦች የሚነሡት መርከቦች የሚያዘወትሩት የደቡብ ፓስፊክን ደሴቶች ነው፤ ቫኑዋቱን፣ ፊጂን፣ ኒው ካሌዶኒያን። ከእነዚህ መካከል በውበቷ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ፈረንሳዮች ኢል ዴ ፓን፣ ማለትም የጥድ ደሴት ይሏታል። ባለቤቶቿ ግን ኩኒዬ ነው የሚሏት።

በዚህች ደሴት የእንግዳው ቀን ሥርዓት የታወቀ ነው። መርከቡ ኩቶ ከተባለው ወሽመጥ ፊት ለፊት መልሕቁን ይጥላል። ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌለ፣ መንገደኞቹ በአነስተኛ ጀልባዎች እየተከፋፈሉ ወደ የብስ ይሻገራሉ። ከኩቶ ተነሥቶ ካኑሜራ ወደተባለው ሁለተኛው ወሽመጥ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ በእግር መጓዝ ይበቃል። በዚያ ወሽመጥ መካከል በዛፍ የተሸፈነ አንድ ትልቅ ዓለት ቆሟል። ለአገሬው ሰዎች የተከበረ ሥፍራ ነውና ማንም እንዳይወጣበት ይለመናል። እንግዳው ይዋኛል፤ የኮኮናት ውኃ ይጠጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሲወርድም የመጨረሻዋ ጀልባ የምትነሣበት ሰዓት በጉልህ ይነገረዋል።

የቀኑ ደስታ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች የመጨረሻ ጀልባ ላይ ነው። ሰው በማያውቀው ደሴት ላይ ልቡ ሳይሰጋ የሚስቀው፣ ሲመሽ የሚወስደው ነገር እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ጀልባዋን ከሥዕሉ አውጥተን ብናስብስ? አሸዋው ያው አሸዋ፣ ውኃውም ያው ውኃ ሆኖ ይቀራል። ሆኖም የቦታው ስም ይለወጣል። በአማርኛ ለዚህ የሚሆን የቆየ ቃል አለን፤ ግዞት እንለዋለን። የጥድ ደሴት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ይህን ስም በእውነት የተሸከመች ደሴት ነበረች።

እንግሊዛዊው መርከበኛ ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1774 በደሴቲቱ አጠገብ ሲያልፍ፣ ከሩቅ እንደ ዓምድ ቀጥ ብለው የቆሙትን ረጃጅም ዛፎች አይቶ የዛሬውን ስሟን አወጣላት። በእርግጥ ደሴቲቱ ስም አጥታ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የሰንደል እንጨት ነጋዴዎች፣ በ1848 ደግሞ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን መጡ። በሴፕቴምበር 1853 ፈረንሳይ ኒው ካሌዶኒያን፣ በዚያው ሳምንትም ይህችን ደሴት የግዛቷ አካል አድርጋ ባንዲራዋን ሰቀለች። ፈረንሳይ ለአዲሱ ግዛቷ የመረጠችው ሥራ ከጎረቤት የተቀዳ ነበር። እንግሊዝ ከ1788 ጀምሮ ወንጀለኞቿን ወደ አውስትራሊያ ስታግዝ ኖራለች፤ ይህ በ1868 እስኪያበቃ ድረስ 160,000 ያህል ሰዎች ተግዘዋል። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ እስረኞቿን ወደ ኒው ካሌዶኒያ መላክ ጀመረች። እኛ ዛሬ በስደት የምንኖርበት አህጉርና ለመዝናናት የምንሄድበት ደሴት በአንድ ዓይነት ሐሳብ የተመሠረቱ ናቸው፤ ያልተፈለገ ሰው ከባሕር ማዶ ይጣል በሚል ሐሳብ።

የጥድ ደሴት ተራ የደረሰው ከፓሪስ ኮሙን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከማርች 18 እስከ ሜይ 28 ቀን 1871 የፓሪስ ሕዝብ ከተማውን በራሱ ምክር ቤት አስተዳደረ። መንግሥት ጦሩን አስገብቶ አመፁን ሲደመስስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየመንገዱና በየግንቡ ሥር ተረሸኑ። ከሞት የተረፉት በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ። በማርች 1872 በወጣው ሕግ መሠረት የከበደ ግዞት የተፈረደባቸው ከኑሜያ ከተማ አጠገብ ባለው የዱኮ ልሳነ ምድር እንዲዘጉ፣ ቀለል ያለ ግዞት የተፈረደባቸው ደግሞ በጥድ ደሴት እንዲቀመጡ ተወሰነ። ወደ ኒው ካሌዶኒያ ከተጋዙት ከ4,000 በላይ ኮሙናሮች መካከል 3,000 ያህሉ የደረሱት በዚህች ደሴት ነው። የመጀመሪያዎቹ የመጡት በሴፕቴምበር 1872 ዳናዬ በተባለች መርከብ ነበር። ጉዞው በሸራ መርከብ ሆድ ውስጥ፣ በብረት ፍርግርግ ተዘግቶ፣ አራትና አምስት ወር ይወስድ ነበር።

«ቀለል ያለ» የተባለው ግዞት እንዴት ያለ ነበር? በእግራቸው ሰንሰለት አልነበረም። እንደ ተራ ወንጀለኞች ድንጋይ እንዲፈልጡ አልተገደዱም። በተመደበላቸው ክልል ውስጥ ጎጆ ቀልሰው፣ አትክልት ተክለው፣ ከመንግሥት በሚሰፈርላቸው ቀለብ መኖር ይችሉ ነበር። አየሩ ደግ ነው፤ ባሕሩ ዛሬ እንግዶች የሚያደንቁት ያው ባሕር ነው። ነገር ግን አናጢው፣ ማተሚያ ቤት ሠራተኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ ቀለም ቀቢው፣ እጁ የለመደውን ሥራ የሚገዛው ሰው አጣ። ደብዳቤ በወራት አንዴ ይደርሳል። ሚስት ሌላ አግብታ፣ እናት ሞታ ሊሆን ይችላል፤ ወሬው ሲደርስ ኀዘኑ አርጅቶ ነው። በዚህ መካከል ግዞተኞቹ ያደረጉት አንድ ነገር ለእኛ ለስደት መጽሐፍ አንባቢዎች የሚገርም አይሆንም፤ ጋዜጣ አወጡ። «የጥድ ደሴት አልበም» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1878 እና 1879 ሲወጣ የነበረው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰው አገሩን ሲነጠቅ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ወረቀት መፈለግ ሳይሆን አይቀርም።

ሁሉም ግን በወረቀት አልተጽናኑም። በማርች 1875 ሐኪሙ ራስቱልና ወደ 20 የሚጠጉ ጓደኞቹ በገዛ እጃቸው በሠሯት ጀልባ በሌሊት ከደሴቲቱ ሾልከው ወጡ። የተገኘው የጀልባይቱ ስብርባሪ ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በማርች 1874፣ ታዋቂው ጋዜጠኛ ሄንሪ ሮሽፎር ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በአንዲት የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ተደብቆ ከኑሜያ አምልጦ፣ አውስትራሊያ ኒው ካስል ወደብ ደርሷል። ሮሽፎር በሠዓሊው ኤዱዋር ማኔ እጅ ተሥሎ ዛሬም በሙዚየም ይታያል። ለእነ ራስቱል ግን ሥዕል አልተሣለላቸውም። ከደሴቱ ሳይወጡ የሞቱት ከ200 በላይ ግዞተኞች የተቀበሩበት መካነ መቃብር ከኩቶ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። የእስር ቤቱ ፍርስራሽም በዚያው አካባቢ፣ የዛፍ ሥር በግንቡ ውስጥ ተሰግስጎ፣ ቆሞ ይታያል። የአንድ ቀን እንግዳ ሁለቱንም አይቶ ለመጨረሻዋ ጀልባ ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ የፈረንሳዮች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ግዞት ለኢትዮጵያ ባዕድ ነገር አልነበረም። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ ዛሬ እስር ቤትን «ወህኒ» የምንለው በጎንደር ዘመን የነገሥታቱ ልጆችና ዘመዶች ይጋዙበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ወስደን ነው። ባሕር በሌለበት አገር አምባው ደሴት ሆኖ አገልግሏል። በጣና ሐይቅ ላይ ያለው የደቅ ደሴትም የተጣላ ሰው የሚወረወርበት ሥፍራ ነበር። ኢጣልያኖች በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲሰፍሩ ደግሞ ከዳህላክ ደሴቶች አንዷ የሆነችውን ናኩራን እስር ቤት አደረጓት። ዙሪያዋን የሞቀ የጠራ ባሕርና ኮራል የከበባት፣ ለቱሪስት መጽሔት ሽፋን የምትመች የሐሩር ደሴት ናት። በውስጧ የታሰሩት ግን ከሙቀትና ከጥም ጋር እየታገሉ አለቁ። እስር ቤቱ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1941 የኢጣልያ አገዛዝ ሲወድቅ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንት፣ ወይዛዝርትና የተማሩ ሰዎች ወደ ኢጣልያ ሲጋዙ፣ ብዙዎቹ የገቡት ከሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአሲናራ ደሴት ነው። ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው ዓመት የተገደሉባቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ኃይለ ሥላሴም ከልጆቻቸው ጋር በአሲናራ ታስረው፣ በኋላ በቶሪኖ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940 አርፈዋል። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የተጋዙት ፖንዛ ወደተባለችው ደሴት ነበር። ታሪክ አንዳንዴ የራሷ ቀልድ አላት፤ ሙሶሊኒ በጁላይ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት የታሰረው በዚያችው ደሴት፣ ራስ እምሩ በኖሩበት ቤት ውስጥ ነው።

ዛሬ ፖንዛ የሮማ ሰዎች በበጋ የሚዝናኑባት ደሴት ናት። አሲናራም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆና፣ እንግዶች በጠዋት በጀልባ ገብተው ማታ የሚወጡባት መናፈሻ ሆናለች። በምዕራብ አውስትራሊያ ከፐርዝ ፊት ለፊት ያለችው ሮትነስት ደሴትም ከ1838 ጀምሮ ወደ 4,000 የሚጠጉ አቦርጂናል ወንዶችና ልጆች የታሰሩባት ነበረች። የእስር ቤቱ ሕንጻ እስከ 2018 ድረስ ለበዓል እንግዶች ማደሪያ ይከራይ ነበር። አንዲት ደሴት ለግዞት የምትመረጥባቸው ምክንያቶችና ለመዝናኛ የምትመረጥባቸው ምክንያቶች ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፤ ርቀቷ፣ በውኃ መከበቧ፣ ከተለመደው ኑሮ መነጠሏ። ልዩነቱ መውጫው በማን እጅ ነው የሚለው ብቻ ነው።

ወደ ጥድ ደሴት እንመለስና ስለ መውጫው እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1879 ከፊል፣ በጁላይ 1880 ደግሞ አጠቃላይ ምሕረት ታወጀ። ኮሙናሮቹ ስምንት ዓመት ከኖሩበት ደሴት ወጥተው፣ አብዛኞቹ አገራቸው ገቡ። አንዳንዶች በመንገድ ቀሩ። ሠዓሊው ሉስየን ሄንሪ በ1879 ሲድኒ ወርዶ፣ በሥነ ጥበብ መምህርነት ተቀጥሮ፣ ዋራታ የተባለውን የአገሩን ቀይ አበባ ለጌጥ ሥራ የሚገባ መሆኑን አውስትራሊያውያንን አስተምሯል። በሲድኒ የከተማ አዳራሽ ያሉት የመስታወት ሥዕሎቹ ዛሬም አሉ። አስተናጋጁ ያላስተዋለውን የገዛ አበባውን እንግዳው አሳየው።

የምሕረቱ ዐዋጅ ግን ሁሉንም አላቀፈም። በዚያው በ1871 በአልጄሪያ የካቢል ሕዝብ በአል ሞክራኒ መሪነት በፈረንሳይ ላይ ተነሥቶ፣ የተሸነፉት አለቆች ወደ ኒው ካሌዶኒያ ተግዘው ነበር። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዚሁ በጥድ ደሴት ከኮሙናሮቹ ጎን ኖረዋል። አንድ ባሕር ተሻግረው፣ አንድ ቀለብ በልተው፣ ምሕረቱ ሲመጣ ግን ለፈረንሳዩ ሲሆን ለአልጄሪያዊው አልሆነም። ለእነርሱ ምሕረት የተሰጠው በ1895 ነው። የአል ሞክራኒ ወንድም ቡ መዝራግ ደግሞ አገሩን ለማየት እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጠበቀ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ግዞት መሆኑ ነው። ብዙዎቹ እዚያው አገቡ፣ እዚያው ወለዱ። በቡራይ አቅራቢያ የዓረቦች መቃብር እስከ ዛሬ አለ።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ግዞተኞቹ እንዲሰፍሩ የኩኒዬ ሕዝብ ከደሴቱ ምዕራባዊ ግማሽ ተፈናቅሎ ወደ ምሥራቅ ተገፍቷል። በፓሪስ ነጻነት የተነፈገው ሰው ጎጆውን የቀለሰው ሌላው ከተፈናቀለበት መሬት ላይ ነው። በ1878 በዋናው ደሴት ካናኮች በአለቃቸው በአታይ መሪነት ተነሡ። የሰፋሪዎች ከብት እርሻቸውን ረግጦት፣ መሬታቸው ተነጥቆ ነበር። በዚያ ጊዜ ከግዞተኞቹ ብዙዎቹ ከያዛቸው መንግሥት ጎን ቆሙ፤ ከኮሙናሮቹም ከካቢሎቹም መሣሪያ አንሥተው ካናኮችን የወጉ ነበሩ። 200 ያህል አውሮፓውያንና ከ1,000 በላይ ካናኮች አለቁ። አታይ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1878 ተገድሎ ጭንቅላቱ ወደ ፓሪስ ተላከ። ወደ ወገኖቹ የተመለሰው በ2014 ነው፤ ከ136 ዓመት በኋላ። የልዑል ዓለማየሁን አፅም ከዊንድሶር ስንጠይቅ ኖረን በ2023 እንደገና እምቢታ የተሰጠን እኛ፣ የካናኮች ጥበቃ ምን ያህል እንደ ከበደ ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻንም።

ከግዞተኞቹ መካከል በግልጽ ከካናኮች ጎን የቆመች ሉዊዝ ሚሼል ነበረች። በዱኮ ተግዛ ሳለ ቋንቋቸውን ተማረች፤ ተረታቸውን ሰበሰበች፤ በኋላም በኑሜያ ልጆቻቸውንና ትልልቆቹን አስተማረች። አመፁ ሲነሣ ከኮሙን ዘመን ጀምሮ ያኖረችውን ቀይ ሻሽ ለሁለት ከፍላ ለሁለት ካናኮች መስጠቷን ራሷ ጽፋለች። ካቢሎቹንም አልረሳችም፤ በ1904 በእርጅናዋ ወደ አልጄሪያ ተሻግራ ንግግር አድርጋ፣ ከዚያ መልስ በጃንዩወሪ 1905 በማርሴይ አረፈች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ተረታችን። የሉዊዝ ሚሼል ታሪክ ግን ከተረቱ ጎን አንድ ጥያቄ ያስቀምጣል። የተወጋስ ሌላውን ሲወጋ ያስታውሳልን? ከብዙ ሺህ ግዞተኞች ጥቂቶቹ ብቻ አስታወሱ።

ይህ ጥያቄ ወደ ሜልበርን ይመልሰናል። የሽርሽር መርከቦች የሚነሡበት ስቴሽን ፒር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፓ የተሰደዱ ብዙ ሺህ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው የወረዱበት የመርከብ ማረፊያ ነው። እኛ የመጣነው በአውሮፕላን፣ ብዙዎቻችንም በሱዳንና በኬንያ የመጠለያ ካምፖች በኩል ነው። ከማረፊያውም ሥር፣ ከፉትስክሬይ የእንጀራ ቤቶቻችንም ሥር ያለው መሬት ግን እ.ኤ.አ. ከ1835 ጀምሮ ከኩሊን ሕዝቦች የተወሰደ መሬት ነው። እኛ አልወሰድነውም። ሆኖም ኮሙናሩም የኩኒዬን መሬት በገዛ እጁ አልወሰደም፤ ተሰጥቶት ነው የሰፈረበት።

የግዞት ደሴት ታሪክም ከመጽሐፍ ወጥቶ በዓይናችን ሥር ሲቀጥል አይተናል። አውስትራሊያ በጀልባ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ናውሩና ወደ ማኑስ ደሴቶች በላከች ጊዜ ከተጋዙት መካከል ከእኛው አካባቢ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡም ነበሩ። ኩርዱ ጋዜጠኛ ቤህሩዝ ቡቻኒ በማኑስ ሳለ በስልክ መልእክት ቁራጭ በቁራጭ ጽፎ የላከው መጽሐፍ በጃንዩወሪ 2019 እዚሁ ሜልበርን ላይ የቪክቶሪያን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አሸነፈ። ደራሲው ግን ከደሴቱ ወጥቶ ሽልማቱን መቀበል አልቻለም። በሜይ 2024 ደግሞ በኒው ካሌዶኒያ የመራጮችን መዝገብ በሚለውጥ ሕግ ሳቢያ ብጥብጥ ሲነሣ የሽርሽር መርከቦቹ መንገዳቸውን ወደ ሌሎች ደሴቶች አዞሩ። በጁን ወር ሰባት የነጻነት ንቅናቄ ሰዎች ተይዘው 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በፈረንሳይ ታሰሩ። የግዞቱ መንገድ ያው ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል።

እንግዲህ አንሂድ ማለት ነውን? ማለት አይደለም። ዕድሜውን በፈረቃ ሥራ የጨረሰ ሰው አንድ ቀን በሞቀ ባሕር ቢታጠብ የሚነቅፈው ያለ አይመስለኝም፤ የደሴቲቱ ሰዎችም ከእንግዳው የሚያገኙት ገቢ ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን ከሌላው መንገደኛ ይልቅ እኛ የምናውቀው ነገር አለ። መመለሻ የሌለው ጉዞ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ብዙዎቻችን የአገራችንን ምድር ለዓመታት ከሩቅ ያየን፣ ወላጆቻችንን በስልክ የቀበርን ነን። ስለዚህ ከኩቶ ወሽመጥ የሚወርድ ኢትዮጵያዊ ከመዋኘቱ በፊት ወይም በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢተርፈው ወደ ግዞተኞቹ መቃብር ይሂድ። ሰላም ብሎም ይለፍ። የአገሬውንም ሰው ስለ ኮኮናቱ ዋጋ ብቻ ከመጠየቅ አልፎ ደሴቲቱን በራሷ ስም ኩኒዬ ብሎ ይጥራት። ይህን ያደረገ ሰው ሲመሽ በመጨረሻዋ ጀልባ ላይ ሲሳፈር፣ በኪሱ ያለችው የመመለሻ ትኬት ስንት ሰው ያጣት ሀብት እንደሆነች ያውቃል።